ደብዳቤው ክልክል ይላል

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኛ።

ሻይ። የትናንት ዳቦ። የማሞቂያው ቴርሞስታት 16 ላይ። ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ መስመሬ ቢንጋደድ እጄ በርዶት ነው እንጂ ፊደሉ ጠፍቶኝ እንዳይመስልህ።

ደብዳቤ መጣ። ከጋዝና ከመብራት ኩባንያው። ፖስታው ላይ ያለው ስም የይመር ነው፣ የባሌ። የዚህ ቤት ደብዳቤ ሁሉ በሱ ስም ነው የሚመጣው። እሱ ግን የለም። እዚህ አጠገብ ራይስዋይክ ከተማ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ከገባ ሰባት ወሩ። የመርሳት በሽታ ነው አሉ። አንዳንድ ቀን ያውቀኛል፤ አንዳንድ ቀን ነርስ ነኝ።

በፊት ደብዳቤ ሲመጣ ሳልነካው ጠረጴዛ ላይ አኖርለት ነበር። ከግሪንሃውስ ሥራው ይመለሳል። መነጽሩን ያደርጋል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ብዙ ያያል። ከዚያ፣ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፣ ይለኛል። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ እሰማለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆሜ ሰማሁ። የሆላንዱንም የአማርኛውንም ፊደል የቆጠርኩት ከስልሳ ዓመቴ በኋላ ነዋ።

ዛሬ ፖስታውን በቢላ ቀደድኩት። ወንበር ስቤ፣ ቁጭ ብዬ። ብዙው አልገባኝም። አንድ ቃል ግን ደጋግሞ አለ፤ ቫስት። እሱን አውቀዋለሁ። ራይስዋይክ ቢሮ ሳጸዳ በረመዳን የሆላንድ ሴቶቹ በዚህ ቃል ነበር የሚጠይቁኝ፣ ትጾሚያለሽ ወይ ለማለት። እና ደብዳቤው ምን ይላል? የጾም ውላችሁ በኖቬምበር መጨረሻ ያበቃል። አዲስ ምረጡ። አንድ ዓመት ጾም ወይም ሦስት ዓመት ጾም።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያው ነው።

ሰው በስተርጅና ፊደል ቆጥሮ ይሄን ሊያነብ ነው? ወረወርኩት። ከሶፋው ሥር ገባ። አሁን ጎንበስ ብዬ ላወጣው ነው።

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ።

ገበያ ሄድኩ። ትራንስቫል ገበያው ከቤቴ በእግር ነው። አበበችን ዓሣ ተራ አገኘኋት። አበበች አማርኛ ፊደል ያስቆጠረችኝ ናት፣ አንተንም ደብተሬ የገዛችህ እሷ ናት። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አወጣሁና የጾሙን ነገር ነገርኳት።

ከዚያ የያዘችው ፌስታል እስኪወድቅ ሳቀች። "ሦስት ዓመት! ከድጃዬ፣ እኛ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የምንጾመው እንኳ እንዲህ አልደፈርንም! ጳጳሱ ሳይሰሙ ደብቂው!" ዓሣ ሻጩ ዞሮ አየን። እኔም ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እዚያው ቆመን ለልጄ ደወልን። ልጄ ሀያት ናት፣ አምስተርዳም አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። (ከዚህ በኋላ ሀ. ብዬ ነው የምጽፋት። እጄ ይደክማል።) እሷም ሳቀች፣ ግን አጭር። ቫስት እዚህ ጋ ቋሚ ማለት ነው ማማ አለች። ዋጋው አይነቃነቅም፤ ለአንድ ዓመት ወይ ለሦስት ዓመት እንደተዋዋልሽው ይቆማል። ሌላኛው ደግሞ ተለዋዋጭ ነው፤ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፣ ግን በፈለግሽ ወር ትተይዋለሽ።

ቃሉ አንድ፣ ፍቺው ሁለት። የሚጾምና የማይነቃነቅ። ለኔ ሁለቱም ያው ነው አልኳት። ከዚህ ቤት ያልተነቃነቅኩትም የጾምኩትም እኔ ነኝ።

ሀ. ቋሚውን እንዳትወስጂ አለች፤ ተለዋዋጩን ውሰጂ። ምክንያቱም ቤቱን ትለቂያለሽ። እሷ ሰፈር የአረጋውያን ቤት አለ፣ ተመዝግቦልኛል፣ ከፋሲካቸው በፊት ይደርሰኛል። አባትሽስ አልኩ። ፓፓ አይመለስም ማማ። አንቺም ታውቂዋለሽ። በአስራ አምስት ቀን አንዴ በመኪና አመጣሻለሁ።

አንቺ ትለኛለች። እዚህ ያደገ ልጅ፣ እርስዎ የለ ምን የለ። ልጅ ሳለች አባቷ ሊያርማት ሞክሮ ተወው።

ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ።

ራይስዋይክ። በትራም። መኖሪያው ውስጥ ሙቀቱ እንደ ሐማም ነው። ሰው ሁሉ በሸሚዝ። ይመር መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ዛሬ ነርስ ነኝ። አመሰግናለሁ እህት አለኝ፣ ብርቱካን ስልጥለት።

ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለው። ዛሬም ጠየቀ። የኋላው ክፍል ተዘግቷል ወይ?

ደብተሬ፣ የኋላውን ክፍል አልነገርኩህም። ቤታችን ሁለት መኝታ ነው። የኋላው የሀ. ነበር። የሰሜን ግድግዳ፣ እርጥብ። ማሞቂያው ግድግዳው ላይ አለ፤ አንድም ቀን አልተከፈተም። ወደዚህ ቤት በገባን በመጀመሪያው ክረምት ይመር አንድ ደብዳቤ ይዞ መጣና አነበበልኝ። ደብዳቤው ክልክል ይላል አለ። የኋላው ክፍል ማሞቂያ አይከፈትም። ከከፈትን ጋዙን ይቆርጡታል፤ ከዚያ ከቤት ያስወጡናል፤ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃዱን ያዩታል።

አመንኩ። ማን ነኝና አላምንም? ልጄ ካፖርት ለብሳ ተኛች። በጓንት የቤት ሥራዋን ሠራች። ስታስል በግድግዳው በኩል እየሰማሁ እነጋለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ እባክዎን ለዛሬ እንኳ እንክፈተው ብዬ ለመንኩት። (ያኔ አንቱ ነበር የምለው።) ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ምን ላየው ነው? ጥቁር ጥቁር ነገር።

እሱ ቀኑን ሙሉ ዌስትላንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም ሲያሞቅ ይውላል። ለቲማቲሙ ጋዝ አለ። ለልጄ ክልክል ነው።

ሀ. አስራ ስምንት ዓመት በሞላት ሳምንት ወጣች። ቤታችሁ ይበርዳል ብቻ ነው ያለችው።

ተዘግቷል አልኩት ዛሬም። ደስ አለው።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ።

ቤተ መጻሕፍት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቅጽ እንዲሞላ የሚረዱ ጡረተኛ ሴቶች አሉ። የኔዋ ነጭ ፀጉር፣ ቀስ ብላ የምታወራ። ኮምፒውተሩ ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች ዋጋ አወጣችልኝ። ቋሚ፣ ተለዋዋጭ። ሀ. እንዳለችው ተለዋዋጩን ልል ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ ግን ጥያቄ አለ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ሥዕል አለው። አንድ ሰው። ሁለት ሰው። ሰዎቹ ፊት የላቸውም።

ሴትየዋ ጠበቀችኝ። እኔ ሥዕሉን አየሁ። አንድ ብዬ ከነካሁ እኔ ነኝ ይመርን ከቤት ያወጣሁት። ሐኪም አይደለም፣ ሀ. አይደለችም። በዚህች ጣት። ሁለት ካልኩ ደግሞ ውሸት ነው፤ የሚተኛበት ጎን አንሶላ ከተጨማደደ ሰባት ወሩ።

ሴትየዋ ገብቷት መሰለኝ፣ እሱን እንለፈው አለች። ቀጥሎ ሌላ ቃል ጠየቀችኝ፤ ቬርብራውክ። አላውቀውም። ጋዙንና መብራቱን በዓመት ምን ያህል እንደተጠቀማችሁበት ነው አለች፣ ፍጆታችሁ፤ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ይገኛል፣ ይዘሽ ነይ።

አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች ሰማያዊው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ቁም ሳጥን አናት ላይ። ከይመር በቀር የነካው የለም።

ኦክቶበር 12፣ እሁድ።

ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። አቧራ። ጉልበቴ።

ሁሉንም አወጣሁ። ቬርብራውኩን ልፈልግ ነበር። ከዚያ ሐሳቤን ቀየርኩ። አንድ ሌላ ቃል ፈለግኩ። ቬርቦደን። ክልክል። እሱን ፊደል ሳልቆጥር ነው የማውቀው፤ ባጸዳሁት ቢሮ ሁሉ በቀይ ቀለም በር ላይ አለ፣ መግባት ቬርቦደን፣ ማጨስ ቬርቦደን። ጣቴን በየመስመሩ አስኬድኩ። ደብዳቤ በደብዳቤ። ዙሁር ሰግጄ ጀመርኩ፣ ዐስር ደረሰ።

የለም። አንድም ቦታ የለም።

ክልክል የሚል ደብዳቤ ኖሮ አያውቅም።

ከቀኑ 11 ሰዓት።

ለሀ. ደወልኩ። ነገርኳት። ከዚያ፣ ደብዳቤ እንድነካ ፈቅዶልኝ አያውቅም አለች። ትምህርት ቤት አንደኛ የማነብ ልጅ ነበርኩ፣ ላንብብልህ ስለው ይቆጣ ነበር። የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ በሆላንድኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሲከፋት ቋንቋ ትቀይራለች። በአማርኛ በይው አልኳት። የሚጠላኝ ይመስለኝ ነበር አለች።

እሱን ከዚህ በኋላ ይ. ብዬ ነው የምጽፈው። ሙሉ ስም አይገባውም።

ማታለል ምን ይባላል? እንደኔ ያለውን ማይም? ፊቴ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሌለ ነገር አነበበልኝ። ቆጣቢ ነኝ ቢል፣ አልከፍልም ቢል፣ ወላሂ እችለው ነበር። ደብዳቤው ይላል አለ። ያን ሁሉ ዓመት ለማላነበው ወረቀት አሳልፎ ሰጠኝ።

ተለዋዋጩን እወስዳለሁ። አምስተርዳም እገባለሁ። ራይስዋይክ ነርስ ሞልቷል፣ ብርቱካኑን እነሱ ይላጡለት።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ።

ሰኞና ሐሙስ የመጠየቂያ ቀኖቼ ናቸው። አልሄድኩም። ቴርሞስታቱን 21 አደረግኩት። ቤቱ ሞቀ። እኔ አልሞቅኩም። መልሼ 16።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ቀስ ብዬ።

ለቤተ መጻሕፍቱ ቬርብራውክ ያለበትን ደብዳቤ ልመርጥ ፎልደሩን እንደገና ከፈትኩ። ከሽፋኑ ኪስ ውስጥ፣ ከኋላ፣ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። እሁድ አላየሁትም። ደብዳቤ አይደለም፣ ኩባንያዎች ከደብዳቤ ጋር የሚልኩት የምክር ወረቀት ነው። ሥዕል አለው። በሩ የተዘጋ ባዶ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ማሞቂያ። ከሥዕሉ በላይ በትልቁ፣ በቀይ፣ አንድ ቃል። ቬርብራውክ።

ቃሉ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ሁለት ጊዜ። ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ። አጠገቡ በአማርኛ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣

ክልክል። የኋላ ክፍል። ሙቀት አይከፈት።

የይ. እጅ ጽሕፈት ነው።

ሥሩ ያለውን ሆላንድኛ አነበብኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ፍጆታችሁን መቀነስ ትችላላችሁ ይላል። የማትጠቀሙበት ክፍል ካለ ማሞቂያውን ዝጉ ይላል። በቃ። የማትጠቀሙበት።

ቬርቦደን። ቬርብራውክ። አጀማመራቸው አንድ ነው። ግሪንሃውሱ በር ላይ በቀይ የተጻፈውን ቬርቦደን ያውቃል፤ በየቀኑ ያልፍበታል። ይሄም በቀይ። የተዘጋ በር ያለበት ሥዕል።

አላታለለኝም። ማንበብ አይችልም ነበር።

አማርኛውን ይችላል፣ ቁርኣኑን ይቀራል። የሆላንዱን ግን አይችልም ነበር። ያ ሁሉ መነጽር፣ ያ ሁሉ ጉሮሮ መጥረግ፣ ያ ብዙ ማየት። የሚያውቃትን አንዲት ቃል እየፈለገ ነበር። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ እየጠበቅኩት። ልጁም ላንብብልህ እያለችው። በኛ ፊት አልችልም ማለት አልሆነለትም። ፈርቶ ዘጋው፤ ጋዝ መቆረጡን፣ ፈቃዱን፣ ፍርሃቱ ነው የጨመረው። እኔ የምፈራውን ያህል ፈርቶ።

እኔስ? ሦስት ዓመት ጾም ብዬ ያነበብኩት ባለፈው ሰኞ አይደለም? እኔ አበበችን ጠየቅኩ፣ ተሳቀብኝ፣ ታረምኩ። እሱ ማንን ይጠይቅ?

ልጄ ግን በርዷታል። ማንም ክፉ ሳይሆን። ይሄ ይብሳል ደብተሬ። ክፉ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እሁድ ቢያንስ የምረግመው ነበረኝ።

ቤተ መጻሕፍት አልሄድኩም።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ።

ቤተ መጻሕፍት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላም አሉ። ያችው ነጭ ፀጉር ሴት።

ቋሚውን አልኳት። የሦስት ዓመቱን። ቤት አትለቂም ወይ፣ ቅዳሜ እንደዚያ ብለሽኝ ነበር አለች። አልለቅም አልኩ። ከዚህ ራይስዋይክ በትራም ሩብ ሰዓት ነው፤ ከአምስተርዳም በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ሰው በአስራ አምስት ቀን አንዴ የሚያየውን ይረሳል፣ ጤነኛው እንኳ።

ውሉ በማን ስም ይሁን አለች። በኔ። ስሜን ራሴ ጻፍኩ። አንድ ፊደል ተሳስቼ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ።

ስንት ሰው?

አንድ አልኩ። ጣቴን ሥዕሉ ላይ ራሴ አደረግኩ። ሴትየዋ ወረቀት መሐረብ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሰጠችኝ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አሥራ አራት ቀን የማሰቢያ ጊዜ አለሽ አለች፤ ከጸጸተሽ ትተይዋለሽ። ውሉን አተመችልኝ። ለሌላውም ነገር አሥራ አራት ቀን ቢሰጡን ኖሮ።

ሀ. በስልክ ጮኸችብኝ። ሦስት ዓመት! ማማ፣ ለሱ ብለሽ ነው? ከዚያ ሁሉ በኋላ? እሁድ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ነይ አልኳት። ምክንያቱን በስልክ አልነገርኳትም። የስልክ ነገር አይደለም።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ።

ዛሬ አወቀኝ። ከድጃ አለኝ፣ ሰኞ የት ቀረሽ። ሰኞን ያውቃል! ብርቱካኑን ላጥኩ። ፊቱን ማየት አቃተኝ፣ ልጣጩን ነው የማየው።

ውሉ ከቦርሳዬ ብቅ ብሏል። ደብዳቤ ነው? አለ። እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ። ብዙ አየ። እኔ ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ እጄን አጣምሬ። ጣቱ በመስመሮቹ ላይ ሄደ ሄደና ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ቬርብራውክ።

"ክልክል ይላል" አለ።

የልጁ ስም ጠፍቶታል። የወንድሙ መሞት ጠፍቶታል። ወሎ ያለው ቤታችን ጠፍቶታል። ይህች ቃል አልጠፋችውም።

ትክክለኛው ፍቺ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ስድስት ዓመት የተማርኩት ለምንድነው? ቀና ብሎ አየኝ፤ ትክክል አነበብኩ ወይ እንደሚል ተማሪ።

"ልክ ነዎት" አልኩት። አንቱ ካልኩት ስንት ጊዜ ሆነኝ። "ክልክል ነበር። አሁን ተነሳ። አዲሱ ደብዳቤ ፈቅዷል።"

"የኋላውንም ክፍል?"

"የኋላውንም።"

ትከሻው ሲወርድ አየሁት። እንደ ከረጢት። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሞት እንደነበር አላውቅም ነበር። "ልጅቷ ታስላለች እኮ" አለ። "ይሰማኛል ሌሊት። ተነስቼ ልከፍተው እሄድና እፈራለሁ።"

እሱም ይሰማው ነበር። እኔ በዚህ ጎን ነቅቼ፣ እሱ በዚያ ጎን ነቅቶ። አንድ አልጋ ላይ።

"ከእንግዲህ አታስልም" አልኩት።

"ስንት ሰው ይላል ደብዳቤው?"

"ሁለት" አልኩ። "ሁለት ይላል። እኔና እርስዎ።"

ደብዳቤው ይላል ብዬ የሌለ ነገር አነበብኩለት። አሁን አወቅኩት እንዴት እንደሚደረግ። ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። መልሼ አልተቀበልኩትም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ።

የኋላው ክፍል። ማሞቂያው አልዞር አለ፣ ዝጓል። በጨርቅ ይዤ፣ በፒንሳ። ጮኸ፣ ዞረ። አየር ፉጨት አወጣ። አሁን ቀጭ ቀጭ ይላል። የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። መስኮቱ ላይ ላብ።

የሀያትን አልጋ አነጠፍኩ። ትራሱ ላይ የምክር ወረቀቱን አስቀመጥኩት፣ ቀዩ ቃል ወደ ላይ፣ የይመር ጽሕፈት ወደ ላይ። አላነብላትም። አላብራራም። ሁለቱንም ቋንቋ ከኛ ከሁለታችን በላይ ታውቃለች። ይቅር በይው ማለትም የኔ አይደለም፤ ጓንት ያደረገችው እሷ ናት። የማሳያት ወረቀቱን ብቻ ነው። ከዚያ የፈለገችውን...

በር ተደወለ። ነገ ነበር ያለችው። በሳሎኑ መስኮት አየሁ፣ እሷ ናት፣ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ። ክፍሉ ገና በደንብ አልሞቀም። ትንሽ ቆይታ ብትመጣ ኖሮ። ልክፈትላት።